ዳለቻ ሁለቴ ወለደች

ግንቦት 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

አንተ! ይሄን ደብተር ያለ ፈቃዴ የገለጥክ! አዎ፣ አንተን ነው። አንቺም ከሆንሽ አንቺን። ከልብስ ሣጥኔ ስር ድረስ ገብተህ ካወጣኸው እንግዲህ እስከ መጨረሻው አንብብ። ግማሹን አንብበህ ሄደህ እንዳታወራ። እኔን ማንበብ ያስተማረኝ የለም። ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከቡና ጆንያ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አያገባህም። ሐሳቤ አልተንጋደደም።

ዛሬ... ምንም የለም። ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ያለው መጋዘናችን ባዶ ሊሆን ነው። ቡናው ተጭኖ አልቆ ጥራጊውን ነው የምንለቅመው። ጥቁሩን ወዲህ፣ ስባሪውን ወዲያ። አለቃው "ብርሃንነሽ፣ እጅሽ እንደ አፍሽ ቢፈጥን ኖሮ!" አለኝ። "ለአፌም ቢከፈለኝ ኖሮ መጋዘኑን እገዛው ነበር" አልኩት። ለቃሚዎቹ ሁሉ ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ሳይወድ።

ትላንት እሁድ የወልዴ ድምፅ መጣ። ወንድሜ ወልደሰማያት። ኬንያ ነው፣ ማርሳቢት ከሚሉት አገር። ለቦረናዎቹ ወንጌል ይሰብካል። ሰርቦ ላይ ኦሮምኛ እያወራን ስላደግን ቋንቋ አይቸግረውም ብሎ ሚሲዮኑ ላከው። አራት ዓመት ተባለ፣ ሁለቱ አለቀ። አልፎ አልፎ ቴፕ ላይ ያወራና ክሩን ይልካል። ስብከት ሲያልቅ ሽማግሌያችን ጋሽ ፈለቀ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ጸሎት ቤቱ ሁሉ ይሰማል። እማዬ ከሰርቦ በጭነት መኪና መጥታ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ኋላ፣ በር ስር። ስጠላው ለመውጣት ይቀለኛል።

ማሽኑ "እማዬ፣ እንደምን ነሽ?" ሲል "አቤት ልጄ! እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ?" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"እማማ እታገኝ፣ ማሽን ነው እኮ" አሏት ጋሽ ፈለቀ።

"አውቃለሁ። ሰው ሲጠይቅ ግን ዝም አይባልም" አለቻቸው።

ደግ አደረገች!

የእሷን ድምፅ መጋቢት ላይ ልከንለት ነበር። የሚሲዮኑ ፈረንጅ ሚስተር ዴል ነው የቀዳት። "ዳለቻ ትላንት ወለደች፣ ጥጃዋ ግንባሯ ነጭ ነው" ብላ ጀመረች። ዳለቻ ላማችን ናት። ከዚያ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጎረቤት ጎረቤት... ዞራ መጥታ ደግሞ "ዳለቻ እኮ ትላንት ወለደች፣ ጥጃዋ..." ብላ እንደ አዲስ። ሚስተር ዴል እየሳቀ "ረዘመ እማማ" አላት። ግማሹን ቆርጦ ላከ። የተረፈው ቁራጭ የሚሲዮኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ወልዴ ናፍቆኛል። እሱ ለሰው ነፍስ ብሎ ሄደ። የኛስ? እኛ ነፍስ የለንም? ተይው ብርሃንነሽ። ተኚ።

ሰኔ 4

አዴ ዘይቡ ሰው ላከችብኝ። የሰርቦ ጎረቤታችን ናት። "እናትሽ አልተነሳችም፣ ነይ" ብላ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ 9

ሰርቦ። እማዬ ሆዷ አብጧል። ጤና ጣቢያው "ጅማ ሆስፒታል ውሰዷት" አለ፣ እሷ "ከቤቴ አልወጣም" አለች። ግትር! እኔ ከማን ወጣሁ ታዲያ...

ዛሬ ቀለል ሲላት የአባቷን ነገር አወራችኝ። ሰምቼው አላውቅም። አባቷ መንዝ ሲሞት እሷ ሰርቦ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ደበቋት። "እርጉዝ ናት፣ ይቆይ" ተባለ። ወለደች። "አራስ ናት፣ ይቆይ" ተባለ። እሷ እቴ፣ ምን አውቃ፣ ፈትላ ጋቢ አሠራች። "ለአባቴ ስጡልኝ" ብላ በዘመድ ላከች። ዘመዶቹ እያወቁ ተቀበሏት። ለሞተ ሰው ጋቢ!

"ሞቱ አይደለም የሚያቃጥለኝ፣ ጋቢው ነው" አለችኝ። "እየፈተልኩ አወራው ነበር እኮ። ወልዴን እንዲህ እንዳታደርጉት። ስሞት ንገሩት።"

"አትሞቺም።"

"ቂል! ንገሩት ነው ያልኩሽ። ማዪልኝ።"

ሚሲዮን መማል ይከለክላል። ማልኩላት።

ሰኔ 16

እማዬ አረፈች። ጠዋት። ዝናብ ነበር።

ሰኔ 18

ትላንት ቀበርናት። መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

የሰርቦ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሙሾ እያወረዱ መጡ። ሲያውቋት የኖሩ ሴቶች! ፈለቀ እጁን ወደ ላይ አነሳ። "እህቶች፣ እኛ ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም። ሙሾ የድሮ ልማድ ነው፣ ትተነዋል።" ሴቶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አንዷ ደረቷን ልትመታ ያነሳችው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ መዝሙር ተጀመረ። እኔም ዘመርኩ። አፌ ዘመረ...

አዴ ዘይቡ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ወዲህ። የኛም ሼኽ ጩኸት አትጩሁ ይላሉ። እንባ ግን ማን ይከለክላል? ያ አላህ!" አለችና ሳበችኝ። እሷ ትከሻ ላይ አለቀስኩ። የእናቴን ለቅሶ ጎረቤት ጓሮ ተደብቄ!

ባለፈው ዓመት የሚስተር ዴል እናት አገሯ ሞታ ቴሌግራም በማግስቱ ደረሰው። ፈለቀ ራሱ ከመድረክ ነገረን። ፈረንጁ ፊታችን ቆሞ እንደ ልጅ አነባ፣ ፈለቀ መሐረብ ሰጠው፣ እኛም አብረን አለቀስን። ያን ቀን "ተስፋ እንደሌላቸው" ያለው የለም። የፈረንጅ እናት ስትሞት እንባ ይፈቀዳል። የእታገኝ ልጅ ስታለቅስ የድሮ ልማድ ነው።

እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም። ከዛሬ ጀምሮ። ፊቱን ሳየው አፌ "እርስዎ" ይለዋል፣ እጄ ግን አይለውም።

ሰኔ 27

ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ለወልዴ ማን ይንገረው?"

"አይነገረውም" አለኝ። እንዲህ ቁርጥ አድርጎ። "ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሲመለስ ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዳዋል።"

"እማዬ ንገሩት ብላኛለች።"

"እህት ብርሃንነሽ፣ ባዕድ አገር ነው ያለው። ብቻውን። ማን ይይዘዋል? ማን ውሃ ያቀብለዋል? መርዶ ሰው በሌለበት አይነገርም። ይሄ ልማዳችን ነው።"

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም! ውነቱን ይሆን?

ሐምሌ 8

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።

ደብዳቤ ልጻፍለት? ፖስታው በሚሲዮን ነው የሚሄደው፣ ከፈለቀ እጅ አያልፍም። ቢያልፍስ? ብቻውን ጎጆ ውስጥ ከፍቶ ሲያነበው ታየኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ማልኩ እኮ።

ነሐሴ 11

ይሄን የምጽፈው ቆሜ ነው። መቀመጥ አቃተኝ።

ፈለቀና ሚስተር ዴል ቤቴ መጡ። ማሽኑን ይዘው። ሻይ አቀረብኩ፣ ዳቦ አቀረብኩ። ፈለቀ ዞር ዞር አለና "ወልዴ የእናቱን ድምፅ ይጠብቃል" አለ።

"ይጠብቃላ።"

"አንቺ... ድምፅሽ የእሷው ነው። ቁርጥ እሷን። በስልክ ብሰማሽ እሷ ናት ነው የምለው።"

አልገባኝም። እግዜር ያውቃል፣ መጀመሪያ ያሞገሰኝ መስሎኝ ነበር!

"ምን ልበል ታዲያ?"

"'ደህና ነኝ ልጄ፣ አትስጋ' ብቻ። አጭር ነው።"

"ከመቃብር ውስጥ ደህና ነኝ?"

"ለእሱ ብለን ነው እህቴ። ለሥራውም።"

"ለሥራው! እሺ... ጋሼ፣ እርስዎ የእናትዎን ቀሚስ ለብሰው መድረክ ቢወጡ ያምርብዎታል? ይውጡና ያሳዩን። ከዚያ እኔም እማዬን እሆናለሁ። እስከዚያው ሻይዎን ይጠጡ፣ ማሽንዎን ያንሱ፣ ከቤቴ ይውጡ!" ሌላም ብያለሁ። የሚጻፈው ይሄ ነው።

ሚስተር ዴል "ምን አለች?" አለው። ፈለቀ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገረው። አጭር ነገር። እኔ ያልኩት ግን ረጅም ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1963

አዲስ ዓመት። ማንም አልመጣም። እኔም የትም አልሄድኩ።

ህዳር 20

አዲሱ ቡና እየገባ ነው። ሰርቦና አጋሮ ላይ ተመርቷል ይላሉ። መጋዘኑ አቧራ በአቧራ፣ ወገቤ ተቆረጠ።

ፈለቀን መንገድ ላይ አገኘሁት። "ለወልዴ ክር ላክንለት፣ በጥቅምት" አለኝ፣ እየሄደ።

"ምን ብላችሁ?"

"ሰላምታ ነው።"

"የማን ሰላምታ?"

ቆመ እንዴ? አልቆመም። "የሁላችንም" ብሎ ጥላውን ዘረጋ። ዝናብም ፀሐይም አልነበረም።

ጥር 24

ትላንት።

የወልዴ መልስ መጣ። ፈለቀ ማሽኑን አስቀመጠ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ የእማዬ ቦታ ክፍት ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። ለምን እንደማይቀመጥ ደግሞ ማንም አይናገርም። ቤቱ ሙሉ ሰው ቀብሯታል፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ዝም።

መጀመሪያ መዝሙር። ቀጥሎ ሰላምታ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

"እማዬ፣ የጥቅምቱን ሰማሁ። ጋሽ ፈለቀ እንደ ልማዱ ቀኑን ተናገረ፣ ቀጥሎ አንቺ መጣሽ። 'ዳለቻ ትላንት ወለደች፣ ጥጃዋ ግንባሯ ነጭ ነው' አልሽኝ። እዚህ የቦረና ጃርሶች፣ ሽማግሌዎቹ፣ አብረውኝ ነው የሚሰሙት። እየተረጎምኩላቸው። ድምፅሽን ይወዱታል። የመጋቢቱንም ሰምተዋል። ሳቁብኝ። 'የናትህ ላም በሰባት ወር ሁለቴ ትወልዳለች? ያውም ያንኑ ጥጃ? እንዲህ ያለች ላም ካለች ለኛም አምጣልን!' አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። አንዱ ሽማግሌ ግን አልሳቀም። 'ይቺ ሴትዮ አሁን አይደለም ያወራችው' አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጋሽ ፈለቀ፣ በሰው ፊት እየጠየቅሁህ ነው። እናቴ የት ና..."

ቀጭ።

ፈለቀ አጠፋው። "ክሩ ተበላሽቷል ወገኖች፣ ይቅርታ" አለ። ክሩ ሲሽከረከር ሁላችን እያየነው!

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። "ሞታለች!" አልኩ። ለፈለቀ አይደለም፣ ለማሽኑ ነው ያልኩት። "ወልዴ፣ ሞታለች! ሰኔ ላይ ቀበርናት!" የጠፋ ማሽን ላይ ጮህኩ። እማዬ "አቤት" ስትለው ስቀን አልነበር? ትላንት ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴትዮ "እሰይ" አለች፣ በሹክሹክታ። ማን እንደሆነች አልዞርኩም።

ገባኝ እኮ። ያ ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረ ቁራጭ! እኔ አልሆንም ስላቸው እሷኑ አስወሯት። ለሞተ አባት ጋቢ፣ ከሞተች እናት ሰላምታ... በሕይወቷ አንዴ ያቃጠላትን ነገር፣ ሞታም አደረጉባት። እና ላም! ላም ረሱ! ድምፅ ሲሰርቁ ጥጃዋን አላዩዋትም። ከተማ ገብተው ሲያንጎራጉሩ ላም ስንት ወር እንደምታረግዝ ጠፋቸው።

ጥር 29

ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። በመደዳ ተቀምጠዋል፣ እኔ ቆሜ። ጉባኤ ረበሽሽ ነው ጥያቄው።

ፈለቀ ቀስ ብሎ ነው ያወራው። ይሄን ደግሞ መጻፍ አለብኝ፣ እኔ እንደነሱ ቆርጬ አልልክም። "የአባቴን መርዶ ቦንጋ ላይ ብቻዬን ነው የሰማሁት" አለ። "ገበያ መሃል፣ ሻጭ ሰውዬ 'አባትህን እግዜር ነፍሱን ይማር' አለኝ፣ የማውቅ መስሎት። መሬት ላይ ወደቅሁ። ሰው ሰክሯል ብሎ በላዬ ተራመደ። ወልዴን እንደ ልጄ ነው የምወደው። እንዲህ አይሆንበትም ብዬ ነው።" ዓይኑ ረጠበ። የውነት ነው፣ አየሁት።

"እንግዲያው ሰው ይላክለት" አልኩት።

"ማንን? እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል?"

"እርስዎ ይሂዱ። ልጄ ነው ካሉ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳለ። ፈለቀ ጫማውን አየ። "ቢሰማ ጥሎ ይመጣል። የተጀመረው ሁሉ ይፈርሳል" አለ በመጨረሻ።

እሱ ነው ነገሩ! ወጣ በመጨረሻ!

"እሺ" አልኩ። "ለቅሶ የድሮ ልማድ ነው ተዉ አላችሁ፣ ተውን። ሙሾ ተዉ፣ ተዝካር ተዉ፣ ተውን። መርዶ መደበቅ ሲሆን 'ልማዳችን ነው'? ልማዱን እንደ ቡና ለቀማችሁት ማለት ነው። እኔ ለቃሚ ነኝ፣ ለቀማ አውቃለሁ። የሚጠቅማችሁን ወደ ጆንያ፣ የሚያጽናናንን ወደ ጥራጊ። የሚስተር ዴልን እናት ሞት በማግስቱ ከመድረክ ነገራችሁ። የኔን እናት ሞታም ለሥራ አሠማራችኋት!"

ከጌታ እራት ታገድኩ። "እስክትመለሺ" አሉኝ። ከየት ነው የምመለሰው? እነሱ ናቸው የሄዱት።

የካቲት 10

ሰርቦ ሄጄ መጣሁ። ዳለቻ አዴ ዘይቡ ጋ ናት። ሆዷ ገፍቷል። በቅርቡ ናት ይላሉ።

ሁሉንም ለአዴ ዘይቡ ነገርኳት። ጋቢውን፣ ክሩን፣ መሐላውን። እያበጠረች የነበረውን ገብስ አስቀመጠች። "የሞተ ሰው ያናግራሉ? አስተግፊሩላህ!" ከዚያ እጇን አራገፈች። "ፈለቀ አንድ ነገር ውነቱን ነው። ብቻውን አይሰማ። መርዶ በወረቀትም በክርም አይሄድም። መርዶ በእግር ነው የሚሄድ" አለች።

ልጇ ቲጃኒ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ወልዴና እሱ አንድ ጓሮ ነው ያደጉት፣ አሁን ሄርማታ ጨርቅ ይነግዳል። "እኔ እግር የለኝም እንዴ?" አለ።

"የት ልትሄድ?"

"ለጨርቅ ሞያሌ መውረዴ አይቀር። ከሞያሌ ማርሳቢት መኪና አለ።"

"ቲጃኒ፣ አትቀልድ።"

"ወላሂ አልቀልድም። የሚሲዮኑን ሰባኪ መርዶ እስላም አረዳው ይባል። ፈለቀ ይስማና ጢሙን ይንጭ።" ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። "እታገኝ እኔንም ገርፋኛለች። ከልጇ እኩል። ማሎ፣ እባክሽ ብርሃንነሽ፣ አትለምኚኝ፣ እሄዳለሁ።"

መጋቢት 14

ቲጃኒ ከወጣ ቆየ። ወሬ የለም። ቡና ስለቅም እጄ ጥቁሩንም ደህናውንም አንድ ላይ ይጥላል። አለቃው ጮኸብኝ። መልስ አልመለስኩለትም። ደነገጠ።

ምን አደረግሁ? ወልዴ ቢወድቅስ? ቢታመምስ? ግን ይመጣል... ይመጣል አይደል? ሁለታችን መቃብሯ ላይ ቆመን እንደ ሰው እናለቅሳለን።

ሚያዝያ 6

ቲጃኒ መጣ! ከስቶ፣ ጠቁሮ። መጋዘኑ በር ላይ ጠርቶኝ ጆንያ ላይ ተቀምጠን አወራኝ። እንዳልረሳው እንደነገረኝ ልጻፈው።

ማርሳቢት ሲደርስ በቀጥታ ወልዴ ጋ አልሄደም። የቦረና ሽማግሌ ቤት ጠይቆ ገባ። ያ ያልሳቀው ሽማግሌ ቤት። ሰውዬው "ያቺ ሁለቴ የምትወልደው ላም ናት አይደል ያመጣችህ?" አለው ገና ሲያየው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቡልኳቸውን ለብሰው ተነሱ፣ ወልዴ ደጅ ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ። ቲጃኒ መሃላቸው። ወልዴ በሩን ከፈተ። አያቸው። አንድ በአንድ አያቸውና ቲጃኒ ላይ ሲደርስ...

"ከጅማ ነህ" አለው። ጥያቄ አይደለም።

"ከሰርቦ ነኝ" አለው ቲጃኒ።

በቃ። ሌላ ቃል አላስፈለገም። ወልዴ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ያዙት፣ አስቀመጡት፣ ውሃ ሰጡት። ሴቶቹ መጡ። ቦረና ላሞቹን ሳያሰማራ አረፈደ። ማንም ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅስ አላለውም። ራሱ ሰባኪው አልቅሶ ሲያበቃ፣ አብረውት ሲያለቅሱ የነበሩት "አምላክህ የእናትህን ስም ያውቀዋል፣ ንገረን እኛም እንወቀው" አሉት። ነገራቸው።

ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። "እና መቼ ይመጣል?" አልኩት።

ቲጃኒ መሬት መሬት አየ።

"አይመጣም።"

"ምን?"

"'ያረዱኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው፣ አብረውኝ ያለቀሱ። ጥያቸው እንዴት እሄዳለሁ? ጊዜዬን እጨርሳለሁ' አለ። 'ለብርሃንነሽ መሐላሽን ጠብቀሻል በልልኝ' አለ። ለፈለቀ ደግሞ 'ይቅር ብዬሃለሁ' በልልኝ አለ።"

ብድግ አልኩ። ይቅር ብሎታል! ሳይጠየቅ! እና አልመጣም! የፈለቀ ፍርሃት ከንቱ ነበር ማለት ነው፣ ቢነግሩትም አይመጣም ነበር። ወይስ... እኔንስ ማን ያዘኝ? እኔ የማን ደጅ ላይ ነው ሰው የተቀመጠልኝ? እሱ ቦረና ሙሉ አለቀሰለት፣ እኔ አጥር ጥግ ተደብቄ! ወልዴ፣ አንተም አለህበት። አንተም! ለሩቅ ሰው ዘመድ፣ ለቅርቡ ድምፅ ብቻ!

ቲጃኒ እንድጮህ ተወኝ። ሲበቃኝ "አንድ ነገር ደግሞ" አለ። "ሲሰናበተኝ 'እህቴ ተናዳለች አይደል?' አለኝ። 'ወላሂ መጋዘኑን ታቃጥላለች' አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።"

እኔም ሳቅሁ። እያለቀስኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ለቃሚው ሁሉ እያየኝ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው መጥተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። አንዷም "ምን ሆነሽ?" አላለችም። ያወቁ ይመስላል።

ሚያዝያ 16

ዳለቻ ትላንት ወለደች። ዘንድሮ ውነት ነው። ወይፈን ነው፣ ግንባሩ ጥቁር። አዴ ዘይቡ እንገሩን ልካልኛለች፣ ፍርፍር ብሎ። ለወልዴ በሚወርድ ነጋዴ ይነገረው። በእግር።

ነገ እሁድ። ነጠላዬን አጥቤአለሁ። ከማዕድ አገዱኝ እንጂ ከበር አላገዱኝም። ነገ በር ስር አልቀመጥም። ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ የእማዬ ቦታ፣ ማሽኑ ፊት። የመጋዘን ሴቶች አብረን እንመጣለን ብለዋል፣ ሚሲዮን ያልሆኑትም። እስላሟ ከድጃ እንኳ "እኔ ውጭ፣ መስኮቱ ስር ቆሜ እሰማለሁ" አለች።

ስብከት ሲያልቅ እነሳለሁ። ምን እንደምል እዚህ ልለማመደው፣ ንዴት ሲይዘኝ አፌ ይስታልና።

ፈለቀ! ወንድሜ ይቅር ብሎሃል፣ የሱን ተቀበል። የኔ ገና ነው። ይቅርታ ከአፍህ ሳይወጣ ምኑን ነው የምሰጥህ? ያን የጥር ክር አምጣው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ካጠፋህበት ጀምረህ አስጀምረው፣ ልጁ ጥያቄውን ይጨርስ፣ ሁሉም ይስማ። የእናቴንም ቁራጭ አምጣ፣ ድምፅዋ የእኔና የወልዴ ነው፣ ቁም ሣጥንህ ውስጥ የሚያድር አይደለም። ከዚያ መድረኩ ላይ ውጣ። የሚስተር ዴልን እናት ሞት በነገርክበት ቦታ ቁም። የሞተችን ሴት ማን ተናገሪ አላት? ማን ፈቀደልህ? የእታገኝ ልጅ እንባ ከፈረንጅ ልጅ እንባ በምን አነሰ?

ለእኔ ጓዳ መጥተህ አትንገረኝ። ሻይ አላቀርብም። ለሽማግሌዎቹ ብቻም አትንገር። "ሰው ሲጠይቅ ዝም አይባልም" ብላህ ነበር እማዬ፣ ፊትህ ተቀምጣ፣ አንተም ሳቅህባት።

ሰው ጠይቆሃል። መልስ፣ ፈለቀ። በሰው ፊት መልስ!